እትዬ ሹራብና ጠቅ ባዩ በርሜል

እትዬ ሹራብን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛ ሙሉ ስሟ ሲጠራ፣ እሷው ራሷ ወደ ኋላ ዞራ «ማናት እሷ? ትነሳ እንጂ፣ ሰው እኮ ታስጠብቃለች!» ብላ ተቆጥታለች ይባላል። ይባላል ነው የምለው፤ እኔ አልነበርኩም። የነገረችኝ ሴትዮ ግን አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና እምነት ይጣልባታል፤ ቢያንስ ግማሹ ላይ።

ሹራብ የተባለችው አናት የሚበሳ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳን ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ በላዩ ላይ ቡናማውን ደርባ ስለምትወጣ ነው። ደረጃ ላይ ያገኛት ሁሉ «እትዬ፣ ብርድ ነው እንዴ?» ይላታል። «ብርዱ የምሄድበት ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የምትሠራው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል የብረት በርሜል አጠገብ ነው። አብረን በምንኖርበት ሕንፃ ለብዙ ጊዜ ሥራዋን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የዘይት መጋዘን ጠባቂ ያደርጋታል። ሌላው ደግሞ «ሬሳ ክፍል ነው የምትሠራው፣ እጇን ጨብጣችሁ እዩት» እያለ ልጆች ያስፈራራል። እሷን ብትጠይቋት «በርሜል እጠብቃለሁ» ብላ ደረጃዋን ትያያዘዋለች። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወዲህ መሃል ደረጃ ላይ ቆማ ካወራች ጉልበቷ መልሶ አይነሳላትም። ወሬ ለምትወድ ሴት ይህ ትንሽ ቅጣት አይደለም።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ዘይትም ሬሳም አይደለም። ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ቁራጭ ላይ እንደ እባብ ተጣጥፎ፣ ተጣጥፎ የተኛ ሽቦ ነው። ቀጭን ስላችሁ የልብስ መስፊያ ክር እንዳታስቡ። አንዲት የጸጉር ዘለላ ብትሰነጥቁ፣ ስንጣቂውን መልሳችሁ ብትሰነጥቁ፣ እጃችሁ እስኪዝል ብትሰነጥቁ ገና ናችሁ። ሽቦው ሱፐርኮንዳክተር ከሚባሉት ወገን ነው። በከዋክብት መካከል ካለው ባዶ ጨለማ በባሰ ብርድ ውስጥ ሲያስገቡት ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ድካም ይሄድበታል። አይሞቅም፣ አያቃስትም፣ ጉልበት አይጨርስም። እትዬ ሹራብ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ ጉልበቷን እያሸች «ወይ መታደል!» አለች አሉ።

ታዲያ ብርሃን ለእኛ እንደ ወንዝ ይምሰለን እንጂ የሚመጣው እንደ ካፊያ፣ በቅንጣት በቅንጣት ነው። ከእነዚህ አንዷ ቅንጣት በዚያ ሽቦ ላይ ስታርፍ ያረፈችበት ቦታ ትንሽ ይሞቃል። ሽቦው ለቅጽበት ያን ጸጋውን ያጣል፣ ኤሌክትሪኩ መሄጃ አጥቶ በሌላ መንገድ ይፈናጠራል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ «ጠቅ!» ትላለች። ከዚያ ሽቦው መልሶ ይቀዘቅዝና ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። በአጭሩ፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ጆሯቸውን ጥለው የሚውሉ ጎረቤቶቻችን ሥራ ነው። አንዲት ቃል ጠብ ስትል ይሞቃቸዋል፣ ይጮኻሉ፣ ይረጋጋሉ፣ ደግሞ ይጠብቃሉ። ልዩነቱ ሽቦው ከራሱ የሚጨምረው ነገር አለመኖሩ ነው። ማለቴ፣ እንዲያ ይባል ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ «ዶክተሯ» ናት። ገና ወጣት፣ ፊቷ ግን እንቅልፍ ካየ የቆየ፣ ብዕሯን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ብዕሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ሽቦው ላይ ለዓመታት የለፋችው እሷ ነች። አሁን ገዢዎች መጥተውላታል፤ ከሳተላይት የሚላክ ደካማ ብርሃን መቀበያ ሊያደርጉት ነው። ግን አንድ ነገር ጠየቁ፦ ምንም ብርሃን ሳይላክለት ይህ በርሜል ስንት ጊዜ በከንቱ ጠቅ ይላል? ከበዛ አንወስድም። ብርሃን በሌለበት ጠቅ የሚል መሣሪያ ያልሰማውን የሚያወራ ምስክር ማለት ነውና አልተሳሳቱም።

ለዚህ ፈተና ሲባል ክፍሉ ይጨልማል። በሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ከውስጥ ድርብ ጥቁር መጋረጃ ይወርዳል። ከበርሜሉ የሚወጣው ፋይበር፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ሽቦው የሚያስገባው ቀጭን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ክዳን ይደረግበትና ይጠበቃል። ችግሩ በሩ ነው። መሸጎሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፣ ጥገና ክፍልም «ነገ» ካለ ቆይቷል፣ ስለዚህ በሩ ካልተደገፈ በራሱ ጊዜ ገርበብ ይላል። የሚደግፈው የእትዬ ሹራብ ጀርባ ነው። ወንበሯን በሩ ላይ አስጠግታ፣ የማቀዝቀዣውን ኮምፕረሰር ድምፅ እያዳመጠች ትውላለች። ቿ፣ ቿ፣ ቿ ሲል ጤና ነው፤ ቿ ብሎ ካሰበ ችግር አለ፤ ተነስታ ዶክተሯን ትጠራለች።

ዶክተሯ ፈተናው ሲጀመር የፋይበሩን ጫፍ አሳየቻትና አንድ ቃል ተናገረች። «እትዬ፣ ይህች ጫፍ ቅንጣት ብርሃን እንዳታይ። አደራ፣ ደህና አድርገው ይያዙልኝ» አለቻት።

የያዘችው ነገር ካለ የማትለቅ ሴት ናት እትዬ ሹራብ። ያዘች።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ወንበሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በወንበሩ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ፣ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር አለ። ከዚያ ዛፍ ይታያል፣ መንገድ ይታያል፣ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደወጣ ይታያል። እዚያ የምትሠራዋ ሴት ልትለቅ ነው። እትዬ ሹራብ ጡረታዋ ደርሷል፣ የቀራትን ጊዜ እዚያ መጨረስ እንደምትፈልግ ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተሯም «ፈተናውን እንለፍ እንጂ እኔ ራሴ አስተዳደሩን እለምንልዎታለሁ» ብላ ቃል ገባችላት። እትዬ ሹራብ ከዚያ ወዲህ ያን ወንበር ያሰበችውን ያህል ባሏን ማግባቷን አስባ አታውቅም። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ ባሏም ባለበት።

ባሏ «ሾፌሩ» ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ፣ አሁን ዓይኑ ላይ ደመና ገብቶበት ቤት ተቀምጧል። ዓይኑ ቢደክምም አፉ አልደከመም። ጠዋት የዓይን ጠብታ ታደርግለታለች፣ ማታ የዓይን ጠብታ ታደርግለታለች፣ በመሃል ደግሞ ሲነሳ ስትነሳ፣ ሲጠማው ስትቀዳ፣ ያለፈበትን የአውቶቡስ ፌርማታ ሁሉ በእንቅልፉ ሲጠራ ስትሰማ ይነጋል። እንቅልፍ ቤቷን ከለቀቀ ሰንብቷል።

ፈተናው ሲጀመር በርሜሉ ተንጫጫ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ጠቅ። ዶክተሯ የጠበቀችው አልፎ አልፎ ነበር፤ ይህ ግን ልክ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ነው። ብርሃን ከየት ገባ? ፍለጋ ተጀመረ። የመጋረጃውን ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ለጠፉ። የመቆጣጠሪያዎቹን ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ሸፈኑ። የቁልፍ ቀዳዳ ደፈኑ። በርሜሉን በአልሙኒየም ወረቀት ጠቀለሉት፣ የተጋገረ ዓሣ መሰለ። አይ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። በርሜሉን አሙቀው፣ ከፍተው፣ ዓይተው፣ ዘግተው እንደገና አቀዘቀዙት፤ ይህ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ የሚጠብቀውም ሰው እሷ ናት። ዘጉ፣ አጨለሙ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

አሁን «ማይክ» ይምጣ። ማይክ የክፍሉ ሌላው ቴክኒሻን ነው። ስሙ የወጣለት የሰማው ነገር ሁሉ እንደ ማይክሮፎን ከአፉ ጎልቶ ስለሚወጣ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሆዱ ውስጥ ካደረ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው። እትዬ ሹራብ ሾፌሩን የዓይን ሐኪም ጋ ልትወስድ በቀረችበት ቀን በሩን ደግፎ የተቀመጠው እሱ ነበር። የፋይበሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ አንጠልጥሎ፣ እጁን አጣጥፎ ዋለ። በርሜሉም ጸጥ አለለት። በነጋታው እሷ ስትመለስ ተንጫጫ። እንደገና ለሐኪም ቀጠሮ ቀረች፤ ጸጥ። መጣች፤ ጠቅ ጠቅ።

ማይክ ሻይ ክፍል ውስጥ፣ ዶክተሯ ባለችበት፣ እትዬ ሹራብም ስኳር እያማሰለች ባለችበት ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«እኔ ማንንም ለመንካት አይደለም» አለ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። «ግን ይህን እዩልኝ። እትዬ ስትኖር ይንጫጫል። ስትቀር ጸጥ። መጣች፣ ተንጫጫ። ቀረች፣ ጸጥ።»

«ምን ለማለት ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ምንም። ቁጥሩ ነው የሚናገረው። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ስልክ ቢከፍት ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚያበራ ለእናንተ አልነግርም።»

«አንተ ልጅ፣» አለች እትዬ ሹራብ፣ «የኔ ስልክ እኮ ሲያበራ ራሱ ባትሪ የለኝም ለማለት ነው።»

«እትዬ፣ እኔ መረጃ ነው ያቀረብኩት።»

ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች። «እትዬ፣ ስልክ ይዘው ይገባሉ?»

«አልይዝም።»

«ታዲያ በጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋሉ?»

እትዬ ሹራብ ጫማዋን ዓየች። «እቀመጣለሁ።»

«ብቻ?»

«እቀመጣለሁ አልኩሽ እኮ፣ ዶክተርዬ።»

አያችኋት? መዋሸት የማይችልበት አፍ አላት። ዶክተሯም ዓይታለች። ግንባሯን አሸችና ቀስ ብላ፣ ገዢዎቹ ሊመጡ መሆኑን፣ አስተዳደሩ ምክንያቱን በጽሑፍ እየጠየቃት መሆኑን፣ ቁጥሩ እንዲህ ከቀጠለ ስለ መስኮቱ ወንበር አፏን መክፈት እንደማትችል ነገረቻት። ያላለችውንም እትዬ ሹራብ ሰምታለች፦ ዕድሜዋን የሠራችበትን ቤት መሣሪያ አበላሽታ የወጣች ሴት ተብላ ልትወጣ ነው።

ወሬው ግን እሷን ቀድሟት ቤት ደረሰ። ማይክ ለፅዳት ሠራተኛዋ «ጨለማ ውስጥ ስልክ ታያለች» አላት። ፅዳቷ ለጥበቃው «ጨለማ ውስጥ በስልክ ከሰው ጋር ታወራለች» አለችው። ጥበቃው የእኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ደንበኛ ነው፤ «ጨለማ ውስጥ ከሰው ጋር ናት» ብሎ ዳቦውን ይዞ ሄደ። ዳቦ ሻጩ ደግሞ የሾፌሩ ወዳጅ ነው። ብርሃን ሳይመጣ ጠቅ ማለት ይኸው ነው፤ ለዚህ በርሜልም ብርድም አያስፈልግም።

እትዬ ሹራብ ደረጃውን ወጥታ፣ በሩን ከፍታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሾፌሩ ከሶፋው ላይ ተጣራ።

«መጣሽ? ልጁ ደህና ዋለ?»

«የቱ ልጅ?»

«ጨለማው ውስጥ ያለው። ሰው ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ በመጨረሻ ልስማ? ለመሆኑ ወንበር አለው ወይስ ያንቺን ነው የምትጋሩት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ተወኝ።»

«አልቆጣም እኮ። እንዲያውም አዘንኩለት። የጉልበትሽን ታሪክ ከመጀመሪያው እየሰማ ከሆነ...»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለቱን ሹራቦች እንደለበሰች ዝም አለች። ሾፌሩ ዓይኑ ባያይም ዝምታ ያያል። እጁን ሰዶ ትከሻዋን ፈለገ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ሴት?»

ነገረችው። በርሜሉ፣ ማይክ፣ ወንበሩ፣ የቀረውም የቀረውም። በመጨረሻ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። «ስልክ አላይም። የማደርገው... እተኛለሁ። በሩን ደገፍ ስል፣ ያ ኮምፕረሰር ቿ ቿ ሲል፣ ሸለብ ያደርገኛል። እዚህ አልተኛም፣ አንተ ታውቃለህ። የምተኛው እዚያ ብቻ ነው።»

«እና ተኝቻለሁ በያቸው!»

«በሥራ ሰዓት? ስልክ ታያለች ከሚሉኝ ይብሳል።»

«ምን ይብሳል? እኔ አውቶቡስ እየነዳሁ ተኝቼ አውቃለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ጡረታ ያወጡህ።»

ያኔ ትንሽ ሳቁ። ጠብታውን አምጥታ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብላ፣ ዓይኑን በሁለት ጣት ከፍታ ጠብ አደረገችለት። ሾፌሩ ጣሪያውን እንዳየ «እኔ የምልሽ፣» አለ፣ «ያቺን ዶክተር ለምን አጠገብሽ አታስቀምጫትም? ትምጣና ራሷ ትየው። ጨለማ እንደሆነ ለሁለት ሰው ይበቃል።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሹራብ ዶክተሯን በር ላይ ጠበቀቻት። «ዛሬ ከኔ ጋር ትቀመጫለሽ» አለቻት። ልመና አልነበረም፤ ለልመና የሚሆን አቅም አልነበራትም። ዶክተሯ አንድ ጊዜ ሰዓቷን፣ አንድ ጊዜ የሴትዮዋን ፊት ዓየች። ሁለቱም ስልካቸውን ለጥበቃው ሰጡ። ጥበቃው እየተቀበለ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም፤ ዳቦው ትዝ ብሎት ይሆናል። ማይክ ከውጭ ኮምፒውተሩ ጋ ቀረ።

ዶክተሯ የዕቃ ሳጥን ገልብጣ አጠገቧ ተቀመጠች። መጋረጃው ወረደ፣ መብራት ጠፋ። እንዲህ ያለ ጨለማ ቤታችሁ ውስጥ የለም፤ እጃችሁን ዓይናችሁ ፊት ብታወዛውዙ ያወዛወዛችሁት የማን እጅ እንደሆነ አታውቁም። ቿ፣ ቿ፣ ቿ። ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ማጉያዋ አልፎ አልፎ ነበር ጠቅ የምትለው። ቀስ እያለ ግን እየበዛ መጣ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። እትዬ ሹራብ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች፤ ዛሬስ አልተኛም ብላ ለራሷ ምላለች። ከጎኗ ሌላ ድምፅ ሰማች። ጆሮዋን አቀናች። ማንኮራፋት ነው።

ዶክተሯ ተኝታለች።

እትዬ ሹራብ ምን እንደምታደርግ ቸገራት። መቀስቀስ አለባት፣ ግን ያ ፊት መቼ እንደተኛ ማን ያውቃል? ተወቻት። ጥቂት ቆይቶ ዶክተሯ ራሷ ደንገጥ ብላ ነቃች።

«እትዬ... እኔ...»

«ምንም አልሰማሁም» አለች እትዬ ሹራብ።

 ከዚያ ዶክተሯ በጨለማው ውስጥ ለስለስ ባለ ድምፅ «እርስዎም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፣ አይደል?» አለቻት።

«አንዳንዴ።» ከዚያ፣ የጀመረችውን ለመጨረስ፣ «ሁልጊዜ» አለች።

«እንቅልፍ ግን አያበራም» አለች ዶክተሯ። ለራሷ የምታወራ ይመስላል። «ስልክ የለም። በሩ ተዘግቷል። ይኸው ግን ይንጫጫል።» ጠቅ ጠቅ ጠቅ። «እትዬ፣ የፋይበሩ ጫፍ የት አለ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«የት እርስዎ ጋ?»

«ሹራቤ ውስጥ ነዋ! ከውስጠኛው ሥር። ይያዙልኝ አላልሽኝም? በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ቢገባ እንኳን እንዳያገኛት ብዬ ሁለቱን ደራርቤባታለሁ። ተኝቼም አልለቃትም።»

ከዶክተሯ በኩል ድምፅ ጠፋ። እትዬ ሹራብ እንደገና ተኛች ብላ አሰበች። ከዚያ ሳጥኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሴትዮዋ እየሳቀች ነው። ሳቋ መውጫ አጥቶ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ እንባ።

«ያውጧት» አለች በመጨረሻ። «አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጧት። እጅዎን ያርቁ።»

አወጣቻት። መሬቱ ላይ አስቀመጠቻት። ጠቅ ጠቅ። ጠቅ... ጠቅ። እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ሄደ። ልክ ዝናብ ሲያባራ ጣሪያው ላይ የሚቀረው ጠብታ ሆነ።

«ደግሞ ይመልሷት።»

መለሰቻት። ክዳኗ ሹራቡ ውስጥ እስክትሞቅ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ዝናቡ ተመልሶ መጣ።

«ምን አደረግኩ?» አለች እትዬ ሹራብ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ምንም አላደረጉም። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ቀይ ሆኖ ያበራል አይደል? ከእሳቱ ሲወጣ ማብራቱን ያቆመ ይመስለናል። አያቆምም። ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው የሚሆነው እንጂ የሞቀ ነገር ሁሉ ያበራል። ግድግዳውም፣ ወንበሩም፣ ድመትም። በጣም፣ በጣም ትንሽ። ይህ ሽቦ ደግሞ ትንሿንም ይሰማል። የክፍሉን ሙቀት ሒሳቤ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የእርስዎን ሹራብ ግን አላሰብኩም። ክዳኗ በእርስዎ ሙቀት ሞቃ ወደ ውስጥ ታበራለች።»

«እኔ አበራለሁ?»

«ያበራሉ።»

እትዬ ሹራብ ጉልበቷን አሸች። «በዚህ ድካም?» አለች።

የገዢዎቹ ቀን ሲደርስ ዶክተሯ ሌላ ዘዴ አመጣች። የእትዬ ሹራብን የምሳ ቴርሞስ ተውሳ፣ ከሻይ ክፍሉ ማቀዝቀዣ በረዶ ሞላችበትና የፋይበሩን ጫፍ ከነክዳኗ በላስቲክ ጠቅልላ እዚያ ውስጥ ከተተቻት። የሞቀ ካበራ የቀዘቀዘ ያን ያህል አያበራም፤ ቀላል ነው። ገዢዎቹ ያን የሚያክል ውድ በርሜል ዓይተው፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ጠርዙ የተላጠ፣ አበባ የተሳለበት ቴርሞስ ዓይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው «ይህ የመሣሪያው አካል ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለጊዜው» አለች ዶክተሯ፣ ሳትስቅ። በርሜሉ ከጠየቁትም በላይ ጸጥ አለ። እትዬ ሹራብ በሩን ደግፋ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያት አድርጋ ተቀምጣ ነበር። በጨለማ ውስጥ ማን ሊያያት እንደሆነ እንጃ።

ማይክ ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ይቅርታ ለመጠየቅ የመጣ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አወጣው።

«እትዬ፣ መረጃው እኮ ልክ ነበር። ስትኖሪ ይንጫጫል፣ ስትቀሪ...»

«ልክ ነበር።»

«ስልክ ያልኩት ብቻ ነው...»

«ከሁለቱ ሹራቤ አንዱን ላንተ ሰጥቼሃለሁ» አለችው። «አፍህ ላይ አድርገው።» ሄደች። ማይክ ይህንንም ለሁሉም አወራው፤ እኔም የሰማሁት ከራሱ ነው። ፅዳቷ ጋ ሲደርስ ሹራቡ ሁለት ሆኗል፣ ዳቦ ቤት ሲደርስ እትዬ ሹራብ በጨለማ የምታበራ ሴት ሆናለች፤ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ደረጃ ላይ አስቁመው ያሳዩአቸዋል።

ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ ብዙም አልተገረመም። «እኔ ስነግርሽ ኖሬ የለ!» አለ። «ታበሪያለሽ ስልሽ ምን ፈልገህ ነው ትይኝ ነበር። ከኔ አፍ ይልቅ የበርሜል አፍ አመንሽ።»

«ያኔ የፈለግከው ነገር ነበራ።»

«አሁንም አለ። ጠብታው ሰዓቱ ደርሷል።»

የመስኮቱን ወንበር አገኘች። ዶክተሯ ቃሏን ጠበቀች፣ አስተዳደሩም ገዢዎቹ ከፈረሙ በኋላ ለጋስ ሆኖ ነበር። ዛፉ አለ። መንገዱ አለ። ማን ከማን ጋር ምሳ እንደወጣ ታያለች፣ ያየችውንም ደረጃ ሳትወጣ ለሚያልፈው ሁሉ ታወራለች። ሰው ሁሉ «እትዬ፣ አማረብሽ!» ይላታል። እሷም «ተመስገን» ትላለች።

ግን ያ መስኮት ያበራል። ጠዋት ከፊት ያበራል፣ ከሰዓት ከመኪናዎቹ መስታወት ተመልሶ ያበራል። እንግዳ ይገባል፣ ስልክ ይጮኻል፣ እንግዳ ይወጣል። ቤት ሾፌሩ ፌርማታዎቹን ይጠራል። ዓይኗን የምትከድንበት ቦታ ምድር ላይ ጠፋ። የለመነችውን አግኝታ መልሳ ለማጉረምረም ደግሞ አፈረች። ግራጫው ሹራብ ትከሻዋ ላይ እየከበደ፣ ለእንግዳ እየሳቀች፣ ዓይኗ እያለቀሰ ሰነበተች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዳቦዋን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። በሩን ደግፎ የተቀመጠው ማይክ ነው። ቀና ብሎ ዓያት። ምን ፈልገሽ ነው አላላትም። ዓይኗን ዓየና ተነሳ፣ ወንበሩን አቧራ ያለው ይመስል በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገላት። «ምሳዬን በልቼ እስክመጣ በሩን ትይዢልኛለሽ?» አለ።

«በሩን ብቻ ነው የምይዘው» አለች።

ሲወጣ መጋረጃውን ዘጋላት። ቴርሞሱ ጥግ ላይ፣ ከእሷ ርቆ፣ በረዶው ውስጥ የፋይበሩን ጫፍ ይዞ ተቀምጧል። እትዬ ሹራብ ጀርባዋን በሩ ላይ ጣለች፣ እግሮቿን ዘረጋች፣ ባዶ እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ከተተች። ቿ፣ ቿ፣ ቿ። ድምፅ ማጉያዋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ጠቅ ተሰማ።

«እኔ አይደለሁም» አለች እትዬ ሹራብ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ተኝታ።